የመጻጉዕ ሳምንት



ዐቢይ ጾም ገብቶ ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ በየቤቱ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው። ሕፃኑም ጐልማሳውም «ለፋሲካ ስንት ቀን ቀረው?» ይላል፤ የቤቱ እመቤትም በጣቷ ቈጥራ ትመልሳለች። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ገበሬ የመከሩን፣ ተማሪም የዕረፍቱን ቀን ይቈጥር የለምን? ነገር ግን ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የጾሙን ዘመን ስትሠራልን የቀን ቍጥር ብቻ አላስረከበችንም፤ ለየሳምንቱ ስም ሰጥታዋለች። እኛ ቍጥሩን ይዘን ስሙን ለቅኔ ማኅሌቱ ትተንለታል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምጽፈው ከስምንቱ ስሞች ስለ አንዱ፣ ስለ መጻጉዕ ነው፤ አምና በዚሁ ሳምንት በገዛ ቤቴ የደረሰውን ሳልናገር ግን ልጽፈው አልችልም።

አስቀድሜ የዘመኑን አከፋፈል ላስታውስ። ዐቢይ ጾም ሁልጊዜ ሰኞ ይገባል። በባሕረ ሐሳብ ሥርዓትም ከየካቲት 1 ቀን አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 ቀንም አይዘገይም። የቀኑ ቍጥር 55 ነው። ከዚህ ውስጥ የፊተኛው 7 ቀን ጾመ ሕርቃል ይባላል፤ ይኸውም በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረውን፣ በፋርስ ሰዎች ተወስዶ የነበረውን የጌታን መስቀል ያስመለሰውን ንጉሥ ሕርቃልን የሚያስታውስ ነው። መካከለኛው 40 ቀን ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ የጾመው ሲሆን፣ የኋለኛው 8 ቀን ከአልዓዛር ቅዳሜ እስከ ቀዳም ሥዑር ያለው የሕማማቱ ወቅት ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ጾመ ድጓ ደግሞ ለየሳምንቱ የሚገባውን ዜማ ለይቶ ይዞልናል። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና የሚባሉት ስሞች በዚሁ መጽሐፍ ጸንተው የቈዩ ናቸው።

እኔ በልጅነቴ በዜማ ቤት ሳለሁ የቀን መቍጠሪያ በግድግዳ ተሰቅሎ አላየሁም። ሳምንቱን የምናውቀው በምናጠናው ዜማ ነበር። የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቀለም ሲያስይዙን፣ የሰነፈውን «ምኵራብ ሳያልቅ ይህን ካላደረስህ መጻጉዕ ይቀድምሃል» ይሉት ነበር። አኵፋዳችንን ይዘን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ በምንቆምበትም ጊዜ አንዲት እናት ነበሩ፤ ቍራሹን በእጃችን ከማኖራቸው በፊት «ሳምንቱ ማነው?» ብለው ይጠይቁናል። ስሙን ነግረን ታሪኩን ባጭሩ ካልተረክንላቸው አያሰናብቱንም። ያን ጊዜ እኚህ ሴት ያጕላሉን ይመስለን ነበር። ውሻው ይጮኽብናል፤ ሆዳችንም ይጮኻል። ማንበብ የማያውቁት እኚያ እናት የጾሙን ወንጌል ሁሉ ከተማሪ አፍ ለቅመው ለልጆቻቸው ያስተምሩ እንደ ነበር የገባኝ እኔ ራሴ ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው።

ከዚያ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ መምህርም ሆንሁ። በግድግዳዬ የቀን መቍጠሪያ ተሰቀለ። ጾሙንም እንደ ማንኛውም ሰው በቀይና በጥቍር ቍጥር ማየት ጀመርሁ።

በቤታችን ጾሙ የሚገባው በወጥ ቤት በኩል ነው። በቅበላው ማግሥት ቅቤ የነካው ድስት ሁሉ ተፍቆ ይታጠባል፤ ሱፉ ይለቀማል፣ ተልባው ይቈላል፣ ስልጆው ይበጠበጣል። ባለቤቴ በዚህ ነገር ጥንቁቅ ናት። እኔም ብሆን ከመምህራን ጋር ሻይ ስጠጣ ዳቦው ወተት ያለበት እንደ ሆነ ሳልጠይቅ አልቈርስም። ይህን ጥንቃቄ የሚያቃልሉትን ሰዎች አልደግፋቸውም፤ በትንሹ ነገር ያልተጠበቀ ሥርዓት በትልቁ ሲጠበቅ አላየሁምና። ይሁን እንጂ በዛሬው ዘመን በከተሞቻችን የጾም ክትፎና የጾም ኬክ የሚባል ነገር መጥቷል። ከእንስሳ ያልተገኘ ነው ተብሎ ከፍስኩ ምግብ ይልቅ የሚጣፍጥ፣ ዋጋውም የሚበልጥ ማዕድ ሲቀርብ ሳይ፣ በጾሙ የተቀየረው ድስቱ ነው ወይስ በላተኛው? እላለሁ። ኄርማስ የሚባለው ሰው የጻፈው፣ በግእዝ ተተርጕሞ በአገራችን ተጠብቆ የኖረውና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860 በላይፕዚግ ከተማ የታተመው ጥንታዊ መጽሐፍ የጾመኛውን ነገር ሲናገር፣ በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ይመክራል። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲገልጥ ስለ ድስት የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ተራበ፣ ስለ ታረዘና ቤት ስለሌለው ሰው ነው። ይህን ሁሉ አውቄው ነበር። ለተማሪዎቼም የሒሳብ ጥያቄ አድርጌ አቅርቤላቸው አውቃለሁ። ማወቅ ግን እግር የለውም።

አምና የመጻጉዕ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ማዕድ ቀርቦ ሳለ፣ የ12 ዓመት ልጄ ስለ ተነበበው ወንጌል ጠየቀችኝ። የመምህር ልማድ ነውና ደስ ብሎኝ ማስረዳት ጀመርሁ። በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ ስለ ነበረችው መጠመቂያ፣ ስለ አምስቱ መመላለሻ፣ በዚያም ስለ ተኙት ድውያን፣ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ቀድሞ ስለሚገባው ሰው ነገርኋት። መጻጉዕ ማለት ደዌ የጸናበት፣ ከአልጋ የዋለ ማለት እንደ ሆነ ተረጐምሁላት። ይህ ሰው 38 ዓመት በደዌ ሲኖር ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንዳልነበረው ስነግራት ግን አቋረጠችኝ።

«አባዬ፣ በዚያ የሚያልፍ ሰው አልነበረም?»

«እንዴት አይኖርም፤ በበዓል በበዓሉ ሕዝቡ ይጐርፍ ነበር።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው እያለ እንዴት ሰው አጣ?»

ለዚህም መልስ ልሰጥ አፌን ከፈትሁ። እርሷ ግን አልጠበቀችኝም። «ከእኛ በታች ያሉት አባባስ? ከጥምቀት ወዲህ ከደጅ ተቀምጠው አላየኋቸውም» አለች። ባለቤቴ ወጥ የምታወጣበትን ጭልፋ እንደ ያዘች ቀረች።

እኚህ ሽማግሌ በሸማ ሥራ ሲተዳደሩ የኖሩ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በአንዲት ክፍል ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ከእኛ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ በደጃፋቸው ያልፋል። ፀሐይ በሚሞቁበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይመርቁ ነበር። ጾሙ ከገባ ጀምሮ በዚያ ደጅ ያለፍሁትን ብቈጥር ከ20 ጊዜ ባያንስ ነው። ድንጋዩ ባዶውን ሆኖ፣ በሩም ገርበብ ብሎ ማየቴን አስታውሳለሁ። ወደ ዘመድ ሄደው ይሆናል ብዬም ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ እንዴት ወደ ዘመድ ይሄዳሉ ብዬ ግን ራሴን አልጠየቅሁም።

በዚያው ዕለት ሄድሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ሰኞ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። ማክሰኞ ስብሰባ ዋልሁ። ረቡዕ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቅዳሴ ሄድሁ፤ በደጃፋቸው አልፌ ነው የሄድሁት። ሐሙስ ወደ ቤት ስመለስ ልጄን በሰሐን እንጀራና ሽሮ ይዛ፣ በላዩም ሌላ ሰሐን ደፍታ ከደጅ ቆማ አገኘኋት። «እናቴ ብቻሽን አትሂጂ ብላኛለች» አለችኝ። መጽሐፌን እንኳ ሳላስቀምጥ ተከተልኋት።

ሽማግሌው በመደባቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል። ግራ እግራቸው ከጕልበት በታች አብጧል። ቤቱ ግን ተጠርጓል፤ በእንስራውም ውኃ አለ። ይህን የምታደርገው ከጀርባ ባለው ግቢ የምትኖር፣ ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት መሆኗን በኋላ ሰማሁ። ይህችን ሴት አውቃታለሁ። በጾሙ አንድ ቀን እንኳ በቅዳሴ ሳላያት ቀርቼ በልቤ ታዝቤያት ነበር።

«ማነው?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ ነኝ አባቴ፤ መምህሩ ነኝ።»

«ግባ ልጄ፣ ግባ። ከማን ጋር ነህ? እሰይ፣ ትንሿም መጥታለች። እንዲያው ሳምንቱ ማን ሆነ? በድምፅ ማጉያው ዜማውን እሰማዋለሁ፤ ነፋሱ ግን ቃሉን ይበትንብኛል። ምኵራብ አለፈ?»

«አለፈ፤ መጻጉዕ ነው» አልሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ሳቁ። «እንግዲያ የእኔ ሳምንት ነዋ!» አሉ።

እኔ መሳቅ አልቻልሁም። እሳቸውም መከፋቴን አይተው፣ «አይዞህ መምህር፤ እኔ ብነሣ በጥፊ አልመታህም» አሉኝ። ልጄ ነገሩ አልገባትምና ወደ እኔ ተመለከተች። አባቶች በትርጓሜያቸው፣ ያ ከደዌው የተፈወሰው ሰው ውለታውን ረስቶ በዕለተ ዓርብ ጌታን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ የመታው እርሱ ነው ብለው እንደሚያስተምሩ ነገርኋት። ሽማግሌው ይህን ትርጓሜ ከየት አገኙት? በልጅነታቸው ዳዊት ደግመው፣ ድቍና ሳይቀበሉ አባታቸው ስለ ሞቱ ወደ ሸማ ሥራ የገቡ ሰው መሆናቸውን የዚያን ዕለት ሰማሁ። ዐሥር ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ አላውቅም ነበር።

«ምን ላምጣልዎ? ሐኪም ዘንድ ልውሰድዎ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እርሱም ደግ ነው፤ ትደርስበታለህ። እህልም እግዚአብሔር ይስጣት ያቺ ሴት አላሳጣችኝም። እኔ ቄስ ነው ያጣሁት። የነፍስ አባቴ ወደ ሌላ ደብር ከተዛወሩ ወዲህ በዚህ ቤት መስቀል አልገባም። ከቈረብሁ ሁለት ፋሲካ አልፎኛል። ሞት ፈርቼ አይደለም። ደወሉን በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ዕጣኑም ነፋስ ሲመለስ እየሸተተኝ እዚህ መቅረቴ ከእግሬ ሕመም ይብስብኛል።»

አንባቢዎቼ ሆይ፤ እኔ በሰሐን ሽሮ ይዤ የገባሁ ሰው ነኝ። ለድኻ መመጽወትን አስቤ እንጂ፣ ይህ ሰው ከእኔ ጋር ከአንድ ጽዋ የሚቈርብ ክርስቲያን መሆኑን አስቤ አልገባሁም። የቸገራቸው ነገር እንጀራ ቢሆን ኖሮ ሰሐኑን አስቀምጬ፣ ምርቃቴን ተቀብዬ፣ የመጻጉዕን ሳምንት ፈጸምሁ ብዬ በወጣሁ ነበር።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለካህኑ ነገርሁ። እሳቸውም ለደብሩ አዲስ ናቸውና በዚያ ደጅ ሰው መኖሩን አልሰሙም ነበር፤ በማግሥቱ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው መጡ፤ የንስሓ ልጅም አድርገው ተቀበሏቸው። በሳምንቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደናቸው መድኃኒት ተሰጣቸው፤ እብጠቱም እየቀነሰ ሄደ፣ ፈጽሞ ግን አልተዋቸውም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ሰብስቤ በነገርኋቸው ጊዜ፣ ትልቁ ክርክር በቃሬዛ እንውሰዳቸው ወይስ በወንበር የሚለው ሆነ። ሽማግሌው ራሳቸው ፈረዱ፤ «በቃሬዛ የምሄድበት ቀን ሩቅ አይደለም፤ እስከዚያው በወንበር ይሁንልኝ» አሉ። በገብር ኄር እሑድ አራት ጐበዛዝት የእንጨት ወንበሬን ከነሰውየው ተሸክመው ያንን ጠጠራም ዳገት ወጡት። ከመንገድ ላይ አንዱ ልጅ ተደናቅፎ ወንበሩ ባዘነበለ ጊዜ ሁላችንም ጮኽን፤ እሳቸው ግን «ቀስ፤ ዛሬ ገና መሄዴ ነው» አሉ። በጸሎተ ሐሙስ ቈረቡ። ወንበሬ አንድ እግሩ ላልቷል፤ እስከ ዛሬ አላሠራሁትም።

ይህን ታሪክ የጻፍሁት በየቤታችሁ ወንበር እንድታዘጋጁ አይደለም። ልጄ የጠየቀችኝ ጥያቄ ለየሳምንቱ ሊጠየቅ የሚችል መሆኑን ለማሳየት ነው። ቅዳሜ ማታ እናት ወይም አባት የሚመጣውን እሑድ ስም ለልጆች ይንገሩ፤ ታሪኩንም በገዛ ቃላቸው ይተርኩ። ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፤ ይህ ነገር በቤታችን ወይም በደጃችን የት አለ? መልሱን ግን ከልጆቹ ይጠብቁ። እኛ ትልልቆቹ መልሱን ቶሎ ስለምናውቀው ነው ያልሠራንበት።

ምኵራብን ለአብነት ውሰዱ። ጌታ በቤተ መቅደስ የሚነግዱትን ያስወጣበትን ታሪክ ስንሰማ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ ሻማና ጧፍ የሚሸጡትን ድኾች ለማማት እንቸኩላለን። አንድ በገበያ ሱቅ ያለው ወዳጄ ግን ይህን ጥያቄ በቤቱ ቢጠይቅ፣ ልጁ «አባዬ፣ የጾም ዘይት ለምን በጾም ዋጋው ይጨምራል?» አለው። ወዳጄ ነጋዴ ነውና የሚመልሰው ብዙ ምክንያት ነበረው፤ የጫኝው ዋጋ አለ፣ የጅምላ አከፋፋዩ አለ። ከምክንያቶቹም ግማሹ እውነት ነበር። በሌላው ግማሽ ላይ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ፣ በማለዳ የአንዱን ጠርሙስ ዋጋ ቀነሰ። ስንት እንደ ቀነሰ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የኒቆዲሞስን ሳምንት ደግሞ እኔ በክፍሌ እጠቀምበታለሁ፤ በቀን በጓደኞቹ ፊት መጠየቅ የሚያፍር ተማሪ ስንት አለ! ስለ ደብረ ዘይትና ስለ ገብር ኄር እናንተ ከእኔ የተሻለ ታገኛላችሁ።

ሁለት ነገር ግን አደራ እላለሁ። አንደኛው፣ ይህን ነገር ሕፃናትን መገሠጫ አታድርጉት። ልጅ ወተት ጠጣ ተብሎ በመጻጉዕ ስም የሚገረፍበት ቤት አውቃለሁ፤ እንዲህ ያደገ ልጅ ጾሙን የሚያስታውሰው በአለንጋው ነው። ሁለተኛውም፣ ወደ ታመመ ሰው ስትሄዱ ስልካችሁን በኪሳችሁ አስቀምጡት። የተሰጠውን እንጀራና የተቀባዩን ፊት በአንድነት ፎቶግራፍ አንሥቶ ለዓለም ማሳየት በዘመናችን እንደ በጎ ሥራ ተቈጥሯል። ሽማግሌው ያን ዕለት ያበጠ እግራቸውን በጋቢ የሸፈኑት ልጄ እንዳታየው ነበር። ይህን መሸፈን ሊነጥቃቸው የሚገባ ማን ነው?

አንድ ነገር ሳልናዘዝ ብተው ደግሞ አንዳንድ ጎረቤቶቼ ይታዘቡኛል። ፋሲካ ሆነ፤ በዓሉም በደስታ ተከበረ። በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብም አይጾምምና ቤቱ ሁሉ በፍስክ ደስ ሲለው፣ እኔ በዚያ ደጅ ሳልገባ ዘጠኝ ቀን አለፈኝ። ጾሙ ሲፈታ ምጽዋቴም አብሮ የተፈታ ይመስል ነበር። በዐሥረኛው ቀን ብሄድ ልጄን ከሽማግሌው እግር ሥር ተቀምጣ ዳዊት ስታነብ አገኘኋት። ለካ እናቷ ታውቅ ኖሯል፤ በየማታው ትመጣ ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ተነሽ የሚነበበውን ወዳቂ አድርጋ ባነበበች ቍጥር ጣታቸውን ከፍ አድርገው ያስቆሟታል። እኔ በሁለት ዓመት ላስተምራት ያልቻልሁትን ንባብ በሁለት ወር አቀኑላት። ስገባ አዩኝና፣ «መምህር፣ ሳምንቱ ማነው?» አሉኝ። ከትንሣኤ በኋላ ያለው ሳምንት ደግሞ የራሱ ስም እንዳለው እያወቅሁ ቶሎ አልመጣልኝም። ልጄ መለሰችልኝ።

ዘንድሮ ሽማግሌው በምርኵዝ እየተደገፉ እስከ ድንጋያቸው ይወጣሉ፤ ዳገቱን ግን አይችሉትም። የሚቈርቡበት ቀን ሲደርስ ልጆቹ ይሸከሟቸዋል። በሌላው እሑድ ቤታቸው ሆነው ከድምፅ ማጉያው ጋር ተሰጥኦ ይመልሳሉ። ሌሊት ሌሊት ስለሚያማቸው በማለዳ ውኃ የሚያሞቅላቸው፣ እግራቸውንም የሚያሽላቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰዓት የቅዳሴ ሰዓት ነው። ያቺ ልብስ አጣቢ ሴት ከዓመት በላይ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ የቀረችው ስለዚህ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። አሁን በመንገዱ ዳር ያለን አራት ቤቶች እሑዱን በተራ ተካፍለነዋል፤ እርሷም ነጠላዋን አጣፍታ ሁለት ልጆቿን ይዛ በማለዳ ስትወጣ እናያታለን። በዘወረደ የተቀመጠችው ባለቤቴ ነበረች። በቅድስት ከላይ ያሉት ሻለቃ፣ በምኵራብ ደግሞ ባለሱቁ ወዳጄ ተቀመጡ። የፊታችን እሑድ ተራው የእኔ ነው።